ሠላሳኛው ካርድ

በወሎ በአንድ ከተማ ሆስፒታል ካርድ ክፍል፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ፤ የነርቭ ሐኪሙ ዶክተር ይገረሙ መስኮቱ ላይ ቆመው ይለማመጣሉ፣ የካርድ ክፍሏ ዘርፌ በነገው ስብሰባ የሚነበቡትን ሠላሳ የታካሚ ካርዶች ክርኗ ሥር አድርጋለች፤ ዓመት ሙሉ ስትጠብቃቸው ኖራ ዛሬ በእግራቸው ስለመጡላት ደስ ብሏታል።

ይገረሙ፦ አንዷን ካርድ ብቻ ነው ያልኩሽ። ሠላሳውን አላልኩም።

ዘርፌ፦ ሰማሁ ዶክተር። ጆሮዬ ደህና ነው።

ይገረሙ፦ ታዲያ አውጪያትና ሌላ ተኪባት። ማን ያውቃል?

ዘርፌ፦ እኔ አውቃለሁ።

ይገረሙ፦ ካርዶቹ በዕጣ ይውጡ ብዬ አዝዤ አልነበር?

ዘርፌ፦ ሃያ ዘጠኙ በዕጣ ወጡ። ሠላሳኛውን እኔ መረጥኩት።

ይገረሙ፦ በምን ሥልጣንሽ?

ዘርፌ፦ በእህትነቴ። የትርንጎ ካርድ ነው። ትርንጎ ታናሽ እህቴ ናት፤ ረስተውት ከሆነ።

ይገረሙ፦ አልረሳሁም።

ዘርፌ፦ እንግዲያው ሳልደክም ተግባባን።

ይገረሙ፦ ስሚኝማ። የነገው ኮሚቴ ለምን እንደተቋቋመ ታውቂያለሽ?

ዘርፌ፦ በከንቱ የሚታዘዝ ምርመራና በከንቱ የሚዋጥ መድኃኒት እንዲቀንስ። ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ የእርስዎ ስም አለ፣ ሰብሳቢ ተብሎ።

ይገረሙ፦ እሱን ነው የምልሽ። ራሱን ያመመውን ሁሉ ለኤምአርአይ መላክ ይቁም እያልኩ ሁለት ዓመት የለፋሁት እኔ ነኝ። ነገ የሰብሳቢው ጉድ ከተነበበ እነዚያ ወጣት ሐኪሞች ይስቁብኛል። ሥራውም እዚያው ይቀራል።

ዘርፌ፦ ይሳቁ። በትርንጎ ስንቱ ስቋል።

ይገረሙ፦ ወደቀች ተብላ መጣች፣ መረመርኳት። ምን ላድርግ ነበር?

ዘርፌ፦ ምን ምን እንደመረመሩ ላንብብልዎ? የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ አራት ጊዜ። አዲስ አበባ ድረስ ልከው ኤምአርአይ፣ ሁለት ጊዜ። ሁሉም ላይ «ምንም አልተገኘም» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በእርስዎ እጅ፣ «የሚጥል በሽታ፤ መድኃኒቱን ትቀጥል»።

ይገረሙ፦ ምርመራ ላይ ሳይታይም በሽታው ሊኖር ይችላል።

ዘርፌ፦ የማይታይ ከሆነ ለምን አራት ጊዜ ፈለጉት?

ይገረሙ፦ ዕጢ ቢኖራትና ቢያመልጠኝስ? ያኔ ደግሞ በእሱ ታንቂኝ ነበር።

ዘርፌ፦ አንቅዎት ነበር፣ አልዋሽም። ግን የመጀመሪያው ፎቶ ጠርቶ እያለ ሁለተኛው ለማን ነበር? ለእሷ አይደለም፣ ለእርስዎ ፍርሃት ነው። ከእርስዎ በኋላ ትርንጎን ያየቻት ዶክተር ሐናን ስንት ምርመራ እንዳዘዘች ያውቃሉ?

ይገረሙ፦ ስንት?

ዘርፌ፦ አንድም። ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና «የወደቅሽ ቀን የት ነበርሽ? ከመውደቅሽ በፊት ምን ተሰማሽ?» አለቻት። በቃ።

ይገረሙ፦ የት ነበረች?

ዘርፌ፦ ስቅለት ነበር እኮ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ጠብታ ውኃ አልቀመሰችም። በዚያ ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትሰግድ ውላ ዓይኗ ጨለመባትና ወደቀች። ሌላ ጊዜም የወደቀችው ጾማ ብዙ ስትቆም ነው። ሐናን ሙስሊም ናት፤ ስለ ስግደቱ የጠየቀችን ግን እሷ ናት። እርስዎን ያን ዕለት እዚያው ደብር፣ ከወንዶች በኩል ሲሰግዱ አይቼዎታለሁ።

ይገረሙ፦ ተንቀጠቀጠች አላችሁኝ።

ዘርፌ፦ ራሱን የሳተ ሰውም ለአፍታ ይንቀጠቀጣል አለችን።

ይገረሙ፦ እውነቷን ነው።

ዘርፌ፦ እርስዎ አያውቁትም ነበር?

ይገረሙ፦ አውቀዋለሁ። በር ላይ ሰባ ሰው ተሰልፎ ነበር ዘርፌ። ቁጭ ብሎ ከመጠየቅ ምርመራ ማዘዝ ይቀላል።

ዘርፌ፦ የቀለለው ለእርስዎ ነው። ትርንጎ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ መድኃኒቱ እያፈዘዛት መርፌው ጣቷን ሲበሳት የስፌት መኪናውን ሸጠችው። የእጮኛዋ እናት ክኒኑን አዩና «የሚጥልባትን ቤታችን አናስገባም» ብለው ሽማግሌ ልከው ቀለበቱን አስመለሱ። እርስዎ ከእሳት ራቂ ስላሏት አምስት ዓመት ሻይ እንኳ አፍልታ አታውቅም። ሐናን መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ካስተወቻት ይኸው ዓመቷ፤ አልወደቀችም። እርስዎ በየጠዋቱ በዚህ መስኮት «ደህና አደርሽ» ሲሉኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያልኩ በሆዴ እረግምዎት ነበር። ጠልቼዎታለሁ ዶክተር።

ይገረሙ፦ እኔን ብቻ? ይዘሻት የመጣሽው አንቺ ነሽ። ክፍሌ ውስጥ አጠገቧ ቆመሻል። ስለ ጾሙ ለምን ትንፍሽ አላልሽም?

ዘርፌ፦ ይቆጣሉ ብዬ። በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ላይ ሰው ፊት ጮኸው ነበር። «ልጅቷን በባዶ ሆዷ ታሰግጃታለሽ?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

ይገረሙ፦ ደብቀሻል ማለት ነው።

ዘርፌ፦ ደብቄያለሁ።

ይገረሙ፦ እንግዲህ እኩል ነን።

ዘርፌ፦ አይደለንም። እኔ ነግሬያት እግሯ ላይ ወድቄያለሁ። እርስዎ አንድ ቀን ጠርተው «ተሳስቼ ነበር» አላሏትም።

ይገረሙ፦ ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ዘርፌ፦ ቤቷ ማን ይሰማዎታል? ካርዱ ላይ ይጻፉት። በሽታውን በጻፉበት እጅ፣ በዚያው ፊርማ።

ይገረሙ፦ ብጽፍልሽ ልብሽ ይረካል?

ዘርፌ፦ ይጻፉና እናያለን።

ይገረሙ፦ እስክሪብቶ አቀብይኝ። «የሚጥል በሽታ የለባትም። የመጀመሪያው ምርመራ ከጠራ በኋላ የታዘዙት አያስፈልጉም ነበር። በሚገባ ሳልጠይቅ አዝዣለሁ።» በቃ?

ዘርፌ፦ «ተሳስቻለሁ» የምትለዋ ቀረች።

ይገረሙ፦ «ተሳስቻለሁ።» ይኸው ፊርማዬ። ነገሩ ሙሉ እንዲሆን ደግሞ ይቺን ልጨምርበት፤ «ይዛት የመጣችው እህቷ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ዘርፌ፣ መጾሟን ደብቃኛለች።» እንግዲህ ነገ ቢነበብ ብቻዬን አልዋረድም።

ዘርፌ፦ ይስጡኝ እስቲ። እውነት ነው፤ አንድ ቃል አልጨመሩብኝም።

ይገረሙ፦ በይ እንግዲህ፣ ከሠላሳው አውጪያትና ለእህትሽ ውሰጂላት።

ዘርፌ፦ አወጣለሁ አልኩዎት እንዴ? እኔ ዓመት ሙሉ በትርንጎ ፊት እያፈርኩ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ቢጨመርብኝ አልሞትም። ነገ ስብሰባውን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያነቡት ይቺን ካርድ ነው፤ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ፣ ትርንጎ ከኋላ ወንበር ነው የምትቀመጠው።