በር ላይ የሚቆሙት የኔታ

አበርገሌ ሳስተምር የያዘኝ ወባ ሰቆጣ እናቴ ቤት ሁለት ወር አስተኛኝ። ትኩሳቱ ከለቀቀኝ በኋላም ጠያቂው ሁሉ «አይዞህ፣ እንዳትነሣ» እያለ ይሄዳል፤ እኔም አልነሣም። ጎረቤታችን የኔታ፣ የቅኔ መምህሩ፣ ግን ሌላ ሆኑብኝ። ይመጡና በሩ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዩኛል። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲገባ ተነሥቶ «ኖር» ማለት ወግ ነው፤ የታመመን ሰው ግን ገና ሲንቀሳቀስ «በእግዜር» ብለው ይመልሱታል። እሳቸው ስንቀሳቀስ ቢያዩም ጭራሽ አይሉም። እናቴ «የኔታ፣ ልጄ እኮ ታሞ ነው» ብትላቸው ያልሰሙ ይመስላሉ። ግድግዳውን ይዤ፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ስቆም ነው «በእግዜር» የሚሉኝ። ይባስ ብሎ ከወጡ በኋላ «ጭራዬን ረሳሁ» ብለው ይመለሳሉ፤ እንደገና መነሣት ነው። በቀን አራት አምስት ጊዜ። ክብር የጠማቸው ሽማግሌ ናቸው ብዬ በልቤ አማኋቸው።

አንድ ቀን ግድግዳውን ሳልይዝ መቆሜን ያወቅሁት «በእግዜር» ሲሉኝ ነው። ያን ቀን ተቀመጡና የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው ባታቸውን አሳዩኝ፤ እንደ መቋሚያቸው ቀጥኗል። «በልጅነቴ ታምሜ ዓመት ሙሉ እንዳትነሣ አሉኝ። በሽታው ሲሄድ ባቴን ይዞት ሄደ» አሉኝ።

በሳምንቱ በእግሬ ቤታቸው ሄድኩ። ገና ስገባ መቋሚያቸውን ይዘው እየተንገዳገዱ ተነሡና «ኖር» አሉኝ። ደነገጥኩ።

«ኧረ በእግዜር፣ የኔታ፤ እርስዎ ለእኔ ይነሣሉ?»

«ላንተ አይደለም» አሉኝ፣ «ለእግርህ ነው።»