ማበላሻው መደብ

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ታላቅ ወንድሙ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሊጠይቁኝ ወደ እርሻው ሲመጡ በር ላይ ያገኙት እኔን ሳይሆን ግብርና ከምናስተምራቸው ልጆች አንዷን፣ ጥድፊያን ነበር። ይህን ስም ያወጣላት ባለቤቴ ነው፤ ከማሰቧ በፊት እጇ ይቀድም ነበርና። ከፊቷ ባለው መደብ የተሰበሩ የቲማቲም ችግኞች ተጋድመዋል።

«ምን ጉድ ነው ይሄ! የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ እርሻውን ልትቀብሩት ነው?»

«አይቆጡ ጋሼ፤ ይሄ እኮ ማበላሻው መደብ ነው።»

«የምን ማበላሻ?»

«አዲስ ተማሪ መጀመሪያ የሚተክለው እዚህ ነው። ቢሰብር የሚቆጣው የለም፤ ለምን እንደተሰበረ ግን ሳይናገር አይነሳም። እጁ ሲገራ ወደ ዋናው ማሳ ይሻገራል።»

ድምፃቸውን ሰምቼ ስወጣ ወደ እኔ ዞሩ። «እህቴ፣ ዝጊው የምልሽ ለዚህ ነው። ገበሬ አባቱን አይቶ ይማራል እንጂ፣ እርሻ ትምህርት ቤት ነው እንዴ?»

መሬቱ የሁለቱ ወንድማማቾች ስለነበር እሳቸው እምቢ ካሉ ተማሪዎቹ መበተናቸው ነው። እንባዬን ዋጥ አድርጌ፣ «አባቱ ገበሬ ያልሆነስ ማንን ይይ?» አልኳቸው።

«የእኔ አባት ሹፌር ነው» አለች ጥድፊያ። «ቲማቲም በመሪ አይተከልም! እርስዎስ ጋሼ፣ ስፌት የጀመሩት በሙሽራ ቀሚስ ነው?»

«በቁራጭ ጨርቅ ነው እንጂ!» ካሉ በኋላ ነው ያመለጣቸው ነገር የገባቸው።

«ይሄም የእኛ ቁራጭ ጨርቅ ነው» አለች ጥድፊያ መደቡን እያሳየች።

ባለቤቴ በሕይወት እያለ ያልነገራቸውን ያን ጊዜ እኔ ነገርኳቸው። «መደቡን ያበጀው በእርስዎ ምክንያት ነው። በልጅነትዎ አንድ ችግኝ ሰብረው አባታችሁ ስለገረፉዎት ዳግም አፈር አልነኩም። ‹ወንድሜን የነጠቀችኝ አንዲት ችግኝ ናት› ይል ነበር።»

እጃቸውን አገላብጠው አዩ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉና መደቡ ዳር ተንበረከኩ።

«በምኑ ነው የሚያዘው?»

«በቅጠሉ ጋሼ። ግንዱ ጭብጥ አይወድም።»

ይህን ሰምተውም ግንዱን ጨበጡት። ቀጭ አለ።

«ለምን ተሰበረ?» አለች ጥድፊያ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ።

«ጨበጥኩት» አሉ። «ሌላ ስጪኝ።»

እርሻው አልተዘጋም። ከእኛ የወጡት ልጆች ዛሬ በየሰው ማሳ ተፈልገው ይቀጠራሉ፤ እኛ የአካባቢው ገበሬዎችም የሠራተኛ ያለህ ማለት ቀርቶልናል። ማሳ ያላችሁ ሁሉ፣ አንድ ጥግ ለማበላሻ ተዉ። እዚያ የሚባክነው ችግኝ ነው፤ ማበላሻ በሌለበት ግን የሚባክነው ሰው ነው።