አንዲት ፊደል በእብነ በረድ ላይ

ሽማግሌው የመቃብር ድንጋይ ቀራጭ ከመምህርቷ ጋር የተገናኙት በዝናብ ምክንያት ነው። ዶፉ ድንገት ሲወርድ የተማሪ ደብተሮችን በደረቷ አቅፋ ከሱቃቸው በራፍ ተጠለለች።

«ይግቡ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ!» አሉና በርጩማውን ከድንጋይ ብናኝ ጠረጉላት። ደብተሮቹን ሲያዩ ግን ዓይናቸው ጠበብ አለ። «የስድስተኛ ክፍል የቋንቋ መምህርት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እንኳን እግር ጣለዎት! ሰኞ ልመጣብዎ ነበር። የልጅ ልጄ እርስዎ ጋ ነው የምትማረው። ዓርብ በመጣ ቁጥር አንድ ታሪክ አንብቢ፣ አሥር ቃል ሳትሳሳቺ ጻፊ፣ ስላነበብሽው አንድ አንቀጽ አምጪ ትሏታላችሁ። ከዚህስ ነጻ አድርጉልኝ። ሂሳቧን ታጥና። ፊደልማ አንደኛ ክፍል እያለች ቆጥራ ጨርሳለች።»

«ፊደል መቁጠርና መጻፍ አንድ ይመስልዎታል?»

«እኔን ይዩኝ። ሠላሳ ዓመት ሰው ጽፎ የሰጠኝን እያየሁ ስቀርጽ ኖሬአለሁ። አንድም ልብ ወለድ አላነበብኩም። ምን ጎደለኝ?»

መምህርቷ ደብተሮቹን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «አባቴ፣ ብቻውን የተሸመደደ ቃል ፈተናው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። በታሪክ ውስጥ ያገኘችው ግን ማን ለማን፣ ለምን እንዳለው ስለምታውቅ አይጠፋትም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ የሥራ ፈት ወሬ ነው» አሉ ሽማግሌው። ሰው ማስቀየም አይወዱም፤ ግትርነታቸው ግን አንዴ ከተነሳ አይመለስም።

በዚህ መሀል አንድ ጎልማሳ ከነዝናቡ ገባ። ከአሥር ቀን በፊት የእናቱን ድንጋይ ያሠራ መሐንዲስ ነው። ሰላምታም አልሰጠ።

«ጋሼ፣ እናቴን ምን አደረጓት?» ብሎ ስልኩን ዘረጋ። የድንጋዩ ፎቶ ነበር፤ ‹ስትጠገብ የተለየችን እናታችን› ይላል።

ሽማግሌው አዩት፣ ደግመው አዩት። «ምን ጎደለው? ጥርት ያለ ጽሕፈት ነው።»

መምህርቷ አፏን በእጇ ያዘች። «‹ሳትጠገብ› ነበር መባል ያለበት፣ አባቴ።»

«ዘመድ በተሰበሰበበት ነው የተነበበው» አለ ጎልማሳው ድምፁ እየተሰበረ። «አክስቴ ‹ለካ ጠግባችኋት ኖሯል› ብላ ፊቷን አዙራብን ሄደች።»

ሽማግሌው ተንደርድረው ጎልማሳው ጽፎ የሰጣቸውን ወረቀት ከግድግዳው ምስማር ላይ አወረዱ። ወረቀቱም የሚለው ‹ስትጠገብ› ነው። ጎልማሳው የገዛ እጅ ጽሑፉን ሲያይ ያልተጠረበ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «እኔው ነኝ... ሦስት ቀን እንቅልፍ አላየሁም ነበር። መልሼም አላነበብኩት።»

ሽማግሌው ወረቀቱ ምስክሬ ነው ብለው ሊጽናኑ በቻሉ ነበር። ነገር ግን ትዝ ያላቸው ሌላ ነው። ድንጋዩ ገና በእርሳስ ተነድፎ ሳለ የልጅ ልጃቸው አንብባው «አባባ፣ ይሄ ልክ አይደለም» ብላቸው ነበር። «ትልቅ ሰው የጻፈውን አንቺ ታርሚያለሽ?» ብለው ተቆጧት። አሁን ይህንኑ ለሁለቱም ሳይደብቁ ተናገሩ፤ ሲናገሩም ቀና አላሉም።

መምህርቷ ዝግ ብላ «አባቴ፣ ‹ስትጠገብ›ም እኮ ራሱን የቻለ ቃል ነው» አለች። «ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንብቦ ያልፈዋል። እሷ ስህተቱን የያዘችው እናቱን የቀበረ ሰው እንዲህ እንደማይል ስለገባት ነው። ይህን ከየት ያገኘችው ይመስልዎታል?»

ዝናቡ አባርቶ ጣራው ብቻ ይንጠባጠብ ነበር።

«ከታሪኩ» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ።

የተቀረጸ ፊደል አይጠገንምና አዲስ ድንጋይ አውጥተው ጽሑፉን በእርሳስ ነደፉ። መሮውን ከማንሳታቸው በፊት ልጅቷን ጠሩ። «ያን ጊዜ ዝም አሰኘሁሽ። አጥፍቻለሁ። በይ አንብቢልኝ» አሏት። በጣቷ እየተከተለች ሁለቴ አነበበች። «አሁን ልክ ነው፣ አባባ።» አክስቲቱም ተለምና መጣች፤ ድንጋዩን ዳብሳ ከእህቷ ልጅ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

በወሩ በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ስለዚሁ የቤት ሥራ ሲያማርር ሽማግሌው እጃቸውን አወጡ።

«እኔም እንደርስዎ እል ነበር። ልጆቻችን ነገ ውል ይፈርማሉ፣ የመድኃኒት ትእዛዝ ያነባሉ፣ ለሚወዱት ሰው የመጨረሻውን ቃል ይጽፋሉ። ፊደሉን ጠንቅቀው ካልጻፉ ሐሳባቸው ይዛባል፤ ታሪክ ካላነበቡ ደግሞ መዛባቱንም አያውቁ። ደብተር ላይ ሲሳሳቱ ላጲስ አለ። እኔ በምሠራበት ላይ ላጲስ የለም።»

ያማረረው አባት ከኪሱ ብዕር አውጥቶ የሳምንቱን አሥር ቃላት መምህርቷ ከጻፈችበት ሰሌዳ ላይ መገልበጥ ጀመረ።