ሃምሳ ላም በአንድ ዛፍ ሥር

ማክሰኞ ጠዋት የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ በየበረቱ ዞሮ ከብት ቆጠረ፤ መንግሥት በድርቅ ለተጎዱ አርቢዎች የፈቀደው አስቸኳይ ድርቆሽ የሚታደለው በላም ቁጥር ነው። ረቡዕ ድርቆሹ ተራገፈ። ሐሙስ፣ በወተት ማስረከቢያው ሰልፍ ላይ፣ አንዲት ባልቴት ከፊቷ የቆመችውን ወጣት ጎረቤቷን ታጫውታት ነበር። የወጣቷ ባል ታላቅ ወንድም ከኋላቸው ጀሪካኑን ይዞ ቆሟል።

እንዴት አደርሽ ልጄ? ደመናው ዛሬም ዝም ብሎ ሊያልፍ ነው መሰል... ወተትሽ ቀነሰሳ? ጥጆቹስ? ገለባም አለቀ? እህ... መቼም በዚህ ድርቅ ወተት ከየት ይመጣል፣ ከሰማይ? ድሮ ‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ› ይባል ነበር። አሁን ዘመን ተሻሻለ፤ ላም አለኝ በጎረቤት፣ ወተቷን ባላይ ድርቆሿን አያለሁ...

ስም አልጠራሁም። ስለ አንድ ደግ ሰው ነው የማወራው። አታውቂውም።

ደግነቱ! ማክሰኞ ገና ሳይነጋ በየደጁ እየዞረ፣ ‹ፀሐዩ ከብቶቻችሁን ሊጨርስብኝ ነው፤ እኔ ግቢ ትልቅ ዛፍ አለ፣ ይዋሉበት› አለ። ሊጨርስብኝ! አየሽ፣ የሰውን ከብት እንደራሱ ነው የሚያየው። እስከ ሰኞ ድረስ እዚያ ዛፍ ሥር ዶሮ ብታርፍ በድንጋይ ነበር የሚያባርራት፤ ሰው በአንድ ሌሊት እንዲህ ሲሻሻል ደስ አይልም? እኔ እንኳ ሁለቱን ሰደድኩለት። አንዲት የወንድሙ ሚስት ደግሞ አለች፣ የዋህ፤ የባል ታላቅ እንደ አባት ነው ብላ ያሏትን ላሞች ከነጥጆቻቸው ነድታ አስረከበችው...

ለእኛ ማንም ያልነገረን ቆጣሪ መጣ። ከየት ጀመረ? ከዛፉ። ሃምሳ ላም! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ሲሉ አልነበር? ሃምሳ ላም ግን ለአንድ ሰው እንዴት እንደሚቀል አየን። የራሱ አራቱ መሀል ገብተው እንዳይጠፉበት ነበር የኔ ጭንቀት።

ከዚያ ቆጣሪው የዚያችን የዋህ በረት አየ። ገንዳ አለ፣ እበት አለ፣ ላም የለም። ‹ለባዶ በረት ድርቆሽ አይሰጥም› ብሏት ሄደ። ምን ትበል? የባሌ ወንድም ሌባ ነው ትበል? ነውር ነዋ! ደግሞ ሌባ ያለው ማነው? እኔ አላልኩም።

የዚያን ዕለት ማታስ አላየሽም? የማለቢያ ሰዓት ሲደርስ ላሞቹ ማንም ሳይነዳቸው፣ ትምህርት ቤት የተለቀቀ ይመስል፣ እያንዳንዷ ወደ ቤቷ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ሸኛቸው። አንዷን እንኳ ‹እደሪ› አላላትም። የሰው ንብረት የሚነካ ሰው አይደለማ! በማግስቱ የመጣው ድርቆሽ ብቻ ነው መንገዱ የጠፋው... እግር የለውም፣ ምን ያድርግ፣ እዚያው አደረ። የዚያች የዋህ ጥጆች ደግሞ መቆም አቅቷቸዋል አሉ... እነሱም እግር አጡ።

ይልቅ አዲሱን ሰማሽ? የእህቴ ልጅ ጽሕፈት ቤቱን ታጸዳ የለ፤ ዛሬ ማለዳ ነገረችኝ። ያ ደግ ሰው የዓመቱ ምርጥ አርቢ ተብሎ ተመርጧል! እሁድ ጠዋት አለቆቹ ከነካሜራቸው ሃምሳዎቹን ላሞች ሊያዩ በረቱ ድረስ ይመጣሉ... ምነው፣ ከኋላ የማን ጀሪካን ነው የወደቀው? አይዞሽ፣ የኛ አይደለም። እኔ እሁድ ላሞቼን ከደጄ አላወጣም፤ ሰፈሩም ሁሉ እንደዚያው ብሏል። በሰው ደስታ ላይ ምን አጨናነቀን?

ብቻ ፈጣሪ ያንን ሰው ይባርክልን። የራሱ የሆነውን ሁሉ እሁድ ጠዋት በካሜራው ፊት ያቁምለት... የራሱ የሆነውን ብቻ። አሜን በይ ልጄ። ከኋላ ያላችሁም... አሜን በሉ እንጂ!