ግድግዳ ላይ የተሳለው መጋዝ

በእኛ ጊዜማ፣ የእህቴ ልጅ፣ የአናጢ ዕቃ ማስቀመጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ማስቀመጫው የሚስቱ ቤት ነበር፤ አልጋ ሥር መጋዝ፣ ትራስ ሥር መሮ፣ ጎታ ውስጥ ሚስማር። ምን ያስቅሻል? አንድ ቀን ዱቄት ስነፋ ጉጠት ወጣልኝ፤ ጉጠት! ወንፊቱ ላይ እንደ ዶሮ ብልት ተጋድሞ።

ታዲያ አያሌውን፣ ባሌን፣ "አንተ ሰው፣ የሰው በርና መስኮት ስትሠራ ዕድሜህ አለቀ፣ ለመዶሻህ አንድ ማስቀመጫ መሥራት አቃተህ?" አልሁት። "እሺ እሠራለሁ" አለ። እሺ ሲል ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ "እሺሺሺ" ብሎ ይስበዋል፣ እስኪጨርሰው ወር ያልፋል። እና እኔም ዕቃውን ሁሉ በማዳበሪያ ሞልቼ ደጅ ላይ ዘረገፍሁለት። ያን ጊዜ ተነሣ።

መሥራቱንስ ሠራው፣ አልዋሽም። ትልቅ ኮምፔንሳቶ ከመሥሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ መታ፣ ሚስማር ተከለበት፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ሰቀለና ዙሪያውን በከሰል አሰመረበት፤ መጋዙ በመጋዝ ቅርጽ፣ መላጊያው በመላጊያ ቅርጽ። የዘይት ጀሪካን ቆርጦ ሚስማሩን ለየበት። "ከእንግዲህ አንዲት ዕቃ ብትጎድል ግድግዳው ይነግረኛል" አለኝ። ሰዉ እንደ ንግሥ እየመጣ ያየው ጀመር። እኔም፣ ሞኟ፣ ደስ አለኝ።

ለካስ ሲጠብቀን የኖረው መዝረክረኩ ነው! ስሚኝማ፤ ድሮ ጎረቤት መጋዝ ሊዋስ ሲመጣ "ኧረ የት እንዳስቀመጥሁት እንጃ" ይላል አያሌው፤ እውነቱን ነው፣ አያውቀውም፤ ሰውየው ትንሽ ቆሞ ይሄዳል፣ ማንም አይቀየምም። አሁንስ? መጋዙ ዓይናቸው ሥር ተሰቅሏል፣ የለም አይባል ነገር! ጎረቤታችን መሪጌታ መጡ፤ "ልጄ አያሌው፣ ያችን መጋዝ... ያቻትና!" አያሌው ምን ይበል? "ይውሰዷት አባቴ።" የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ መጣ፤ "አያ አያሌው፣ መዶሻዋ ሥራ ፈታ ተንጠልጥላለች እኮ" ብሎ ራሱ አወረዳት። ሜትሩ ሄደ፣ ውሃ ልኩ ሄደ፣ መላጊያው ሄደ። እና በሳምንቱ ግድግዳው ላይ የቀረው ከሰል ብቻ።

ታዲያ ውቢት መጣች፤ ከዓረብ አገር ተመልሳ ለእናቷ ቤት ያሠራችው፣ እንጨቷን አምጥታ በር ያዘዘችን። ሰማዩ ጠቁሯል፣ እናቷ በር በሌለው ቤት ሸራ ጋርደው ተቀምጠዋል። "የታል በሩ?" አለች። እሱ ወደ ባዶው ግድግዳ ጠቆመ። ግድግዳውን አየችና፣ "ጋሼ፣ ሥዕል ነው እንዴ የሚሠሩልኝ? እስከ ቅዳሜ በሩ ካልቆመ እንጨቴን ጭኜ ገሳይ ከተማ ላለው አናጢ እሰጣለሁ" አለች። ምን ትበል! ይሄ ከተሰማ ደግሞ ማን ሥራ ያመጣልናል?

እና መቀነቴን አጥብቄ ወጣሁ፤ ከደጅ ደጅ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ "እትዬ፣ ዛሬን ብቻ" ይለኛል። "ዛሬን ብቻ ያልኸው ሰኞ ነው፣ አምጣ!" መሪጌታ ደግሞ፣ ቀስ ብለው፣ "መጋዟን እኮ አማቼ እብናት ወሰዳት።" እብናት! "መሪጌታ፣ ያዋስነው ለእርስዎ ነው ወይስ ለወረዳው?" አልኋቸው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አፍረው በማግስቱ ራሳቸው በመኪና ሄደው አመጧት። አያሌው ሁለት ቀን ቀና ሳይል ላገ፣ ቆረጠ፤ ቅዳሜ ከሰዓት የመጨረሻውን ማጠፊያ ሲመታ ዝናቡ ጣለ።

ከዚያ ወዲያ ኮምፔንሳቶው ላይ መዝጊያ አስገጠምሁ፣ ጓጉንቸር አንጠለጠልሁበት፣ ቁልፉን ይኸው አንገቴ ላይ። አሁን ሰው ሲመጣ እሱ እጁን ዘርግቶ፣ ድምፁን ማር አድርጎ፣ "በእኔማ ቢሆን! ቁልፉ እሷ ጋ ነው" ይላል። እሱ ደግ፣ እኔ ክፉ። ሰፈሩ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

"ታዲያ አክስቴ፣ ቁልፉን ለእሳቸው ሰጥተው ክፉነቱን እሳቸው ለምን አይሸከሙትም?"

ለእሱ? ሰጥቼው ነበር እንጂ! ይፋግ ለሠርግ ስሄድ ሰጥቼው ሄድሁ። ስመለስ መዝጊያው ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ከውስጥ አንዲት ሚስማር የለም። "ለማን ከፈትህ?" አልሁት። "እኔ መች ከፈትሁ?" አለኝ፣ ረጋ ብሎ፤ "ቁልፉን ነው ያዋስሁት።"