ሜዳው ከከብት ጸድቷል

በእኛ ዘመን አብራሪ ሥራ የሚፈልገው በእግሩ ነበር። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። በደርግ ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት የጭነት አውሮፕላን ሳበርር ኖሬ፣ መንግሥት ሲለወጥ "ወደ ቤትህ" ተባልኩና መካነ ሰላም ገባሁ። ታዲያ እዚህ ምን ይበረራል? የአክስቴ ልጅ አይሱዙ ነበረው፤ በደሴ መንገድ የእሱ ረዳት ሆንኩ። "ካፒቴን፣ እስቲ ወርደህ ጎማውን እየው!" ይለኛል በሰው ፊት። እኔም ወርጄ አያለሁ። ደህና ማዕረግ ነበር።

እና ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ የግል የኪራይና የጭነት አውሮፕላን ድርጅቶች ተከፈቱ ሲባል ሰማሁ። ድርጅት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ባለቤት ነው፤ አንዳንዱ ጋ ደግሞ አውሮፕላኑም ገና ነው፣ ጸሐፊዋ ብቻ ደርሳለች። ዞርኩ። አንዱ "አንተ የለመድከው ትልቅ አውሮፕላን ነው፣ የእኛ ትንሽ ነው" አለኝ። ሌላው "ዕድሜህ ገፍቷል" አለኝ፤ አርባ አልሞላኝም። ሦስተኛው "ስልክህን ተውልን" አለኝ። ስልክ የለኝም አልኩት። "እንግዲያው እንደውልልሃለን" አለኝ።

አራተኛው አቶ ግርማ ይባላል፣ ራሱም አብራሪ ነበር፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። እንደምንም እያሳደስኩ ያቆየሁትን የበረራ ፈቃድ አገላብጦ አየና፣

"የሚያበቃው በሚቀጥለው ወር ነው። እስከዚያ ሥራ ካልያዝክ ከእንግዲህ አይታደስም፤ ታውቃለህ?" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

አውቃለሁ እንጂ! ያ ወር ካለፈኝ ቀሪ ዘመኔን ጎማ ሳይ ልኖር ነው።

"የሙከራ በረራ እሰጥሃለሁ። ከቀበሌህ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ" አለኝ።

ያን ጊዜ ደግሞ ያለ ድጋፍ ደብዳቤ ሰው ሞቶም በቅጡ አይቀበርም። ለደብዳቤው ወደዚህ መጣሁ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አቶ ይመር፣ አላህ ይማራቸው፣ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ።

"ምን ብዬ ልጻፍ?" አሉኝ።

"ጥሩ አብራሪ ነው ብለው።"

"ስትበር አይቼሃለሁ እንዴ?"

"አላዩኝም።"

"ታዲያ ባላየሁት ነገር ማኅተም ልምታ? ከስብሰባ አለመቅረትህን እጽፍልሃለሁ። መብረርህን ግን ቀበሌው አያውቀውም።"

ተመልሼ ለአቶ ግርማ ነገርኩት። አልሳቀም። "ቅዳሜ ለአንድ የዕርዳታ ድርጅት የውሃ ፓምፕ ወደ መካነ ሰላም እናደርሳለን። አንተ ታበርራለህ፣ እኔ ጎንህ እቀመጣለሁ። ሊቀ መንበርህም ይውጣና ይይህ" አለኝ።

የእኛ ማረፊያ፣ ታውቁታላችሁ፣ የሣር ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን እስኪመጣ የከብት ነው። ስልክ ቤት ሄጄ አቶ ይመርን አስጠራሁና፣ "ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ወጥተው ይዩኝ። አደራዎን፣ ሜዳውን ከከብት አጽዱልኝ" አልኳቸው። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ስሕተቱ የእኔ ነው፣ አልክድም።

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሸለቆውን ተሻገርንና ሜዳው ታየ። አንድ ከብት የለም። የመካነ ሰላም ሰው ግን አለ። አቶ ይመር ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው፣ አጎቴ ሼህ አሊ ከሽማግሌዎች ጋር፣ ተማሪው በሰልፍ፤ ያውም ዳር ላይ አይደለም፣ አውሮፕላን መሬት በሚነካበት መሐል ሜዳ ላይ።

"ምንድን ናቸው?" አለ አቶ ግርማ።

"ዘመዶቼ ናቸው።"

"የትኞቹ?"

"ሁሉም።"

"ዝቅ በልባቸው፣ ይሸሻሉ" አለኝ። ዝቅ አልኩ። ከብት ቢሆን ይሸሽ ነበር። የወሎ ሰው እንግዳ መጣ ሲባል ይሸሻል? ይጠጋል እንጂ! ዳር ቀርቶ የነበረ ካለም ወደ መሐል ገባ። ሼህ አሊ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሰዉ አሚን ይላል። በኋላ እንደሰማሁት "በሰላም አሳርፈው" ነበር የሚሉት። ማረፊያዬ ላይ ቆመው!

ሁለተኛ ዞርኩና በመስኮት "ውጡ! ውጡ!" እያልኩ እጄን አወዛወዝኩ። እነሱም ደስ ብሏቸው መልሰው አወዛወዙ። ሦስተኛ ዞርኩ።

"ነዳጁ" አለ አቶ ግርማ።

"አይቼዋለሁ።"

"የታችኛው ጫፍ ባዶ ነው። እዚያ ብታሳርፋት እነሱ ጋ ሳትደርስ ትቆማለች።"

በዓይኔ ለካሁት። ምናልባት ትቆም ነበር። ምናልባት። እና ያን ቀን ካላረፍኩ ሥራው የለም፣ ሥራው ከሌለ ፈቃዱም የለም። ባርፍስ? ከፊት ረድፍ ያሉትን አንድ በአንድ በስማቸው አውቃቸዋለሁ።

"ኮምቦልቻ እሄዳለሁ" አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። ኮምቦልቻ አርፈን ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ "ደብዳቤው ይቅር" አለኝ። አለቀልኝ ብዬ ቀበቶዬን መፍታት ጀመርኩ። "አንድ ከተማ ሙሉ ሰው ወጥቶ እጁን ሲዘረጋልህ አይቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ድጋፍ የሚጽፍ ቀበሌ የለም። ዘመዶቹን ለሥራ ብሎ የማይጨፈልቅ ሰው የእኔንም አውሮፕላን አይጨፈልቅም። ሰኞ ግባ። አንድ ነገር ብቻ፦ አገርህ አልልክህም።"

ስምንት ዓመት በረርኩለት። ጎዴ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ ያልረገጥኩት አቧራ የለም። መካነ ሰላም ግን አንድ ቀን አላረፍኩም። ታዲያ እዚህ ምን ተባለ መሰላችሁ? "ከሰማይ ሆኖ አየንና ንቆን ሄደ፤ ትልቅ ሰው ሆነ።" አቶ ይመርም እስኪሞቱ ድረስ "አንድ አውሮፕላን ሦስት ጊዜ መዞሩን አይቻለሁ፤ ውስጡ ያለው እሱ መሆኑን ግን ሳይወርድ በምን አውቄ ልመስክር?" ይሉ ነበር። ሰው እንዲህ ነው፤ ነፍሱን ብታተርፍለት አያውቅልህም፣ ሰላም ሳትለው ብታልፍ ግን ለልጅ ልጁ ይነግርብሃል። ያን ቀን ከፊት ረድፍ ቆማ እልል ስትል የነበረችው የእህቴ ልጅ ዘይነባ ይኸው አለች፤ በሕይወት! ምን ይመስልሻል፣ ዘይነባ?

"ሁሉም ልክ ነው፣ አጎቴ። ግን ያን ቀን ሁለት በግ ታርዶ ነበር፤ እሱን እንኳ ቀምሰው ቢሄዱ ምን ነበረበት?"