ስሜን የጠራች ዕለት

ከወረታ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ አዛውንት በባለቤታቸውና በማያውቋት ወጣት መሀል ተቀምጠዋል።

«ኢየሩሳሌምን ተሳልመን መምጣታችን ነው» አሏት ለወጣቷ።

«ታድለው። እንዴት ነበር አባባ?»

«ገና በመጀመሪያው ቀን ጠፋሁ።»

«እንዴት?»

«አስጎብኚው በአውቶቡስ ነው የሚያዞረን። አንዱ ቦታ ወርደን ስንመለስ የሌላ አገር ሰዎች አውቶቡስ ላይ ወጥቼ ቁጭ አልኩ። ከብት ቢሆን እለየው ነበር፤ አውቶቡሱ ግን ሁሉም ነጭ ነው።»

«ከዚያስ?»

«የኛው ሊሄድ ሲል ይቺ ባለቤቴ ጎማው ፊት ተቀመጠች። አስጎብኚው ቢለምናት ‹ሰውዬው ሳይመጡ አልነሳም› አለች።»

«አልፈሩም፣ እማማ?»

«ያለሳቸው ወዴት ልሂድ?» አሉ ባለቤታቸው።

«ኋላ ተነስታ በየአውቶቡሱ እየዞረች ‹አያሌው፣ አያሌው› እያለች ትጣራለች። እኔ በመስኮቱ እሰማታለሁ፤ ግን አልወረድኩም።»

«ለምን?»

«ከተጋባን ጀምሮ ‹ሰውዬው› እንጂ ስሜን ጠርታ አታውቅም። ትንሽ ልስማው ብዬ ነው።»

ባለቤታቸው ዞር ብለው አዩዋቸው።

«ይኸንንስ አልነገሩኝም ነበር።»

«አሁን ነገርኩሽ።»

እኔ መንገድ ላይ ሐሙሲት ወራጅ ነበርኩ፤ ትንሽ ልስማቸው ብዬ ‹ወራጅ አለ› ሳልል አለፍኩት።